አባዬ አምሽቶ ይግባ

ጋሽ ቀስታ አንዱን ጉንጩን ተላጭቶ ሁለተኛውን ሊጀምር ምላጩን ከፍ እንዳደረገ ነው ከግድግዳው ማዶ የልጁን ድምፅ የሰማው። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ለስሙ ግድግዳ ይባል እንጂ ወረቀት ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከወዲህ "ይማርህ" የሚባልበት ዓይነት። ልጅቷ በወዲያ በኩል ከአልጋዋ አጠገብ ተንበርክካ የጠዋት ጸሎቷን ታደርሳለች። ደስ አለው፤ የማን አባት ደስ አይለው? አረፋው ጉንጩ ላይ እንደተለጠፈ ጆሮውን አቁሞ ማዳመጥ ጀመረ። ለአያቷ ጉልበት ጸለየች። ለእናቷ ጸለየች። ለክፍል ጓደኛዋ የሚነቃነቅ ጥርስ ጸለየች፤ ደረጃ ሥር ለምትተኛው ድመትም ሳትሰስት ጸለየች። "አሁን ተራዬ ደረሰ" ብሎ ፈገግ ሲል፣ "አባዬ ደግሞ…" አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አባዬ ደግሞ ዛሬም አምሽቶ ይግባ። እባክህ። አሜን።"

ምላጩ ጉንጩን ጫር አደረገው። በመጀመሪያ ጆሮውን ተጠራጠረ። "'አምሽቶ አይግባ' ብላ ይሆናል" አለ ለመስታወቱ። ግን "ዛሬም" ብላለች፤ አጥንቱ ድረስ የዘለቀችው ያቺ "ም" ናት። ትናንትም ተጸልዮበታል ማለት ነው። ትናንት ደግሞ እውነትም አምሽቷል። ቀጥሎ ንዴቱ መጣ። ለማን ብሎ ነው ደፋ ቀና የሚለው? ለማን ብሎ ነው መሪ ጨብጦ ከማያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ ነፍሱን አስይዞ ከተማውን ሲዞር የሚውለው? የልፋቱ ምርቃት "አምሽቶ ይግባ" ከሆነ፣ "እሺ፣ አመሻለሁ!" አለ ደሙን በፎጣ እየጠረገ፤ "ከፈለገች እንደውም እዚያው አድራለሁ።" የት እንደሚያድር ግን አላሰበበትም።

ጋሽ ቀስታ እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ነው፤ ስሙንም የሰጡት ተማሪዎቹ ናቸው። ተማሪ አጥር ላይ ሊወጣ ሲል "ቀስታ"፣ ወደፊት ሲባል ወደኋላ ቢሄድ "ቀስታ፣ ቀስታ"፣ ከኋላ የጭነት መኪና ሹፌር ጥሩምባውን እየነፋ ዘር ማንዘር ቢሳደብ "አትስሚው እህቴ፤ ቀስታ።" በማሠልጠኛው ውስጥ ፈሪው፣ ሽማግሌው፣ እጁ የሚንቀጠቀጠው፣ ሌላ አስተማሪ አስለቅሶ ያባረረው ሁሉ ለእሱ ነው የሚሰጠው። ቤተ ክርስቲያንም ያው ነው። ከሳምንቱ አብዛኛውን ምሽት ጉባኤ አይቀርበትም፤ ወንበር ይደረድራል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ጸሎት ምራ ሲሉት ድምፁ እንደ ዘይት ይፈሳል። የሚለምነውም አንድ ነገር ነው፦ "ጌታ ሆይ፣ ሰላም ስጠኝ።" ስለ ቤቱ የጠየቀው ሰው ካለም "ምስጋና ለእሱ ይሁን፣ ቤቴ ሰላም ነው፤ ዝንብ ብትበር ትሰማለህ" ይላል። እውነቱን ነው። እሱ ቤት ውስጥ ካለ ከዝንቧ በቀር ድምፅ ለማሰማት የሚደፍር አልነበረም።

ቁርስ ላይ አራቱም እንደ ወትሮው በጠባቡ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ጠረጴዛው በአንድ ጎኑ ግድግዳውን የተጠጋ በመሆኑ አማቱ የታመመ ጉልበታቸውን ለመዘርጋት ወንበራቸውን ወደ ኮሪደሩ አዙረው ነው የሚቀመጡት። ሚስቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነጩን የሥራ ካፖርቷን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ጥላ ቆማ ሻይ ትቀዳለች። "ዳቦ ደግሞ ጨመረላችሁ" አሉ አማቱ። "እንደገና?" አለች ሚስቱ። በዚህ መሃል እሱ ቀና አለ። ሁለቱም ጸጥ አሉ፤ የዳቦው ዋጋ ሳይወርድ ሳይወጣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ልጅቷ ጉንጩን አየች፣ "አባዬ፣ ደማህ እኮ" አለች። "ለምን አምሽቶ ይግባ አልሽ?" ብሎ ሊጠይቃት ነበር። እንዲያውም ለስለስ ባለ ድምፅ ሊጠይቃት አስቦ አፉን ከፈተ። ለቤት ያስቀመጠው ድምፅ ግን አንድ ብቻ ነበርና እሱው ቀድሞ ወጣ። "ብርጭቆሽን ወደ መሃል አድርጊ፤ ልትደፊው ነው። ያ ቦርሳስ ኮሪደር ላይ ምን ይሠራል? ሰው ይጥላል እኮ!" ልጅቷ ብርጭቆውን በሁለት ጣት ገፋችው፤ እንደሚፈነዳ ነገር ነበር የነካችው። ካፖርቱን ለብሶ ወጣና በሩን ዘጋ። ጥቂት ደረጃ እንደወረደ ከኋላው ሬዲዮ ሲከፈት ሰማ።

የዕለቱ የመጀመሪያ ተማሪ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጓሮ የቆመችውን መኪና ዝገት ሊበላት ሲል እልህ ይዟቸው ነው ትምህርት የጀመሩት። "እኔ ስንቱን ወደዚህ ዓለም አስገብቻለሁ ልጄ፤ ይቺን ቆርቆሮ በሁለት ምሰሶ መሃል ማስገባት ግን አቃተኝ" ይላሉ ዘወትር፤ ጋሽ ቀስታም ዘወትር እንደ አዲስ ይስቅላቸዋል። ያን ቀን ግን አደባባዩ መሃል ላይ ሞተሩ ጠፋባቸው። ከኋላ ጥሩምባ፣ ከጎን ጥሩምባ፣ አንዱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ቤትሽ ተቀመጪ አሮጊት!" አላቸው። አዋላጇ መሪውን ለቀው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ጋሽ ቀስታ በእሱ በኩል ያለችውን ፍሬን ረግጦ፣ ሻይ እንደሚጋብዝ ሰው ረጋ ብሎ "እትዬ፣ ምንም አልሆነም። መኪናዋ ደከማት እንጂ አልሞተችም። ይተንፍሱ። የቸኮለ በላያችን ይብረር። እጅዎን ይመልሱ… እንደሱ። ቀስታ" አለ። መኪናዋ ተነሳች፤ ሁለት ጊዜ እንደ ፍየል ዘለል ዘለል አለችና ከአደባባዩ ወጣች። ጥላ ያለበት ቦታ ሲያቆሙ አዋላጇ ግንባራቸውን በመሀረብ እየጠረጉ ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ይሄን ትዕግሥት ከየት አመጣኸው ልጄ?"

"ከጸሎት ነው" አለ እንደ ልማዱ።

"ልጆችህ የታደሉ ናቸው። ማታ ስትገባ በር ላይ ነው አይደል የሚጠብቁህ?"

"አንዲት ናት።"

"እሷስ አትጠብቅህም?"

"ትጠብቀኛለች" አለና መስኮቱን ዝቅ አደረገ። "ኧረ በደንብ ነው የምትጠብቀኝ።"

አዋላጇ የተናገሩት ቀኑን ሙሉ እንደ አሸዋ ጫማው ውስጥ ገብቶ ሲቆረቁረው ዋለ። እሳቸው የሚያወሩለት ሰው ማነው? ያ ሰው አንድ ጊዜ ሚስቱን መንዳት ላስተምር ብሎ ተነስቶ፣ ማርሽ ስለሳተች ብቻ ጮኸባት፤ መብራት ላይ እንደቆሙ በሩን ከፍታ ወርዳ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። እሱ ሲደርስ ልብስ እየተኮሰች ነበር። እሱም አንዲት ቃል አልተነፈሰ፣ እሷም አልተነፈሰች፤ ያ ዝምታ ከዚያ ወዲህ በመካከላቸው እንደ ሦስተኛ ሰው ይተኛል። የከተማው እኩሌታ ከእሱ እጅ መሪ ተቀብሎ ወጥቷል፤ ሚስቱ ግን ዛሬም አውቶቡስ ትጋፋለች። "ለባዳው ሁሉ ቀስታ፣ ለራሴ ቤት ግን…" ብሎ ጀመረና ሐሳቡን ሳይጨርስ ተወው። ሌላ አባት ፍራፍሬ ይዞ እንደሚገባ፣ እሱ ከውጭ የዋጠውን ንዴት ሁሉ አጠራቅሞ ነው ለቤቱ የሚይዝለት።

ለምሳ ሲወጣ እግሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደው። እውነቱን ለመናገር ሊጸልይ ሳይሆን ሊከስ ነበር የሄደው። በሥራ ቀን አዳራሹ ባዶ ነው፤ ወንበሮቹ እሱ ትናንት ማታ እንደደረደራቸው ናቸው። ተንበረከከና "ጌታ ሆይ፣ እንግዲህ አንተው ፍረድ" ብሎ ጀመረ። ክሱ ግን አልወጣለትም። ይልቅ አንድ ነገር ገረመው። ከአንድ ቤት፣ በአንድ ጠዋት፣ ሁለት ልመና ወደ ሰማይ ወጥቷል። እሱ መላጨት ሳይጀምር "በሰላም ወደ ቤቴ መልሰኝ" ብሏል፤ ልጁ "አምሽቶ ይግባ" ብላለች። ከሁለቱ የትኛው ይሰማል? የስንት ዓመት አገልግሎት ያለው የእሱ ነው ወይስ የወተት ጥርሷ ያላለቀው የልጁ? ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ከአዳራሹ ጀርባ ብረት ከብረት ጋር የሚጋጭበት ድምፅ ተሰማ። ቄሱ ነበሩ። እጅጌያቸውን እስከ ክንዳቸው ጠቅልለው እጅ መታጠቢያው ሥር ገብተዋል፤ የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው።

"ማነህ? ማንም ሁን፣ ና ይቺን ያዝልኝ!"

"አባታችን፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።"

"መጀመሪያ ያዝ። ጥያቄ አይፈስም፤ ውሃ ግን ይፈሳል።"

ቧንቧውን በሁለት እጁ ጨብጦ ተንበርክኮ ጠዋት የሰማውን አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። የቄሱ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየና "አሳዘንኳቸው" አለ በልቡ፤ ጎንበስ ብሎ ሲያይ እየሳቁ ነበር።

"ያስቃል እንዴ አባታችን?" አለ ቅር ብሎት።

"ይቅር በለኝ ልጄ፣ ይቅር በለኝ። ለመሆኑ እሷ ስትጸልይ አንተ ታመሻለህ?"

"ጉባኤው አለ፣ የተጣላ አለ፣ ወንበሩ አለ… አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ አመሻለሁ።"

"እንግዲያው ጸሎቷ የሚሰማላት ልጅ ናት፤ አክብራት። እኔ ለዚህ ቧንቧ ስንት ጊዜ ጸልዬ ይኸው አልሰማልኝም።" ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ከመታጠቢያው ሥር ፊታቸውን ብቅ አደረጉ። "አንተስ የምትለምነው ሰላም አይደል? ሰላም ማለት ምን ይመስልሃል?"

"ያው… ጸጥታ ነዋ፤ ኮሽ የማይልበት።"

"ጸጥታማ የተዘጋ ሱቅ ውስጥም አለ። ጌታ ሰላሜን እሰጣችኋለሁ ያለው ለእነዚያ ለሚጨቃጨቁት፣ ለሚፈሩት፣ ማን ይበልጣል እያሉ ለሚጣሉት ደቀ መዛሙርት ነው። ምናልባት አንተም ስትለምን የኖርከውን በየማታው ይልክልህ ይሆናል፤ አንተ ግን ድምፁ ስለበዛብህ 'ዝም በል' ብለህ ከበር ትመል—"

ቧንቧው ፈነዳ። ውሃው መጀመሪያ የቄሱን ስብከት፣ ቀጥሎ የጋሽ ቀስታን ሱሪ አጥቦ ወለሉ ላይ ተንጣለለ። ሁለቱም እየተንፈራገጡ፣ አንዱ "ያዝ እንጂ!"፣ ሌላው "ይዣለሁ እኮ!" እየተባባሉ እንደምንም ዘጉት። ሲወጣ ቄሱ ከጺማቸው ውሃ እየተንጠባጠበ በር ድረስ ሸኙት። "ዛሬ ማታ ጉባኤ ላይ እንዳላይህ" አሉት።

"ወንበሮቹስ?"

"ወንበሩን እኔ እደረድራለሁ። አንተ ሂድና ከቤትህ ወንበር አንዱ ላይ ተቀመጥ።"

ሱሪው በመንገድ ላይ ፀሐይ እስኪያደርቀው ድረስ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ እየተጠቋቆመ አለፈ፤ እሱም ዛሬ ለማስረዳት አልቆመም። ለመጨረሻ ተማሪው ደውሎ ትምህርቱን ለነገ አዛወረው፤ ተማሪዋ ዛሬ መሪ ስላልጨበጠች "ተመስገን!" ስትል በስልኩ ውስጥ ተሰማው። እንዲህም ሆኖ ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ለመሄድ ድፍረት አጣ። ቄሱ ግባ ብለዋል፤ ልጁ አምሽ ብላለች። ቶሎ ቢገባ በልጁና በፈጣሪዋ መካከል ጣልቃ መግባት አይሆንበትም? ሕንፃውን ዞረ፤ ያለ ጉዳይ ሱቅ ገብቶ የብርቱካን ዋጋ ጠይቆ ወጣ፤ ባለሱቁ "አይገዙም እንዴ?" ሲለው "ለማወቅ ያህል ነው" አለው። በመጨረሻ ደረጃውን ተያያዘው፤ ከራሱ በር ሲደርስ ቁልፉን አውጥቶ ሊከፍት ሲል ከውስጥ ድምፅ ሰማ።

"ይሄ ጫማ የማን ነው?" ይላል ድምፁ። "ይሄ ጫማ እዚህ ምን ይሠራል? ሰው ይጥላል እኮ!"

ድምፁ የራሱ ነው፤ ታጥቦ ያጠረ ልብስ ይመስል ተኮማትሯል እንጂ ቁርጥ የራሱ ነው። ልጁ ናት። "ይሄ መብራት በጠራራ ፀሐይ የሚበራው ለማን ነው? ለእኔ ነው ወይስ ለድመቷ?" ስትል አማቱ "ወይ ጉዴ! ቁርጥ እሱን! ትገድለኛለች ይቺ ልጅ!" እያሉ ሲጮኹ፣ ወንበራቸው ሲጢጥ ሲል ተሰማው። ሌላም ሳቅ አለ፤ ከሆድ ተነስቶ መሃል ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ መጨረሻው እንደ ስቅታ የሚሆን ሳቅ። የማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ፈጀበት። የሚስቱ ነበር። ሊያገባት የወሰነው በዚያ ሳቅ ነው፤ ከቤቱ መቼ እንደወጣ ግን ልብ አላለም። "ዝም በሉ!" አለች ልጅቷ ከውስጥ፣ ድምፅዋን ይበልጥ አጎርንና፣ "ዝም በሉ እንጂ! ሰላም እየለመንኩ ነው!" ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ።

ደሙ ወደ ጭንቅላቱ ወጣ። በሩን በርግዶ ገብቶ የሚለው ሁሉ ተራ ይዞ ምላሱ ላይ ተሰለፈ። መሳለቂያ አደረጋችሁኝ! እኔ በሥራ ስማስን! በዚህ መሃል የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ዳቦ ታቅፎ ወደ ቤቱ ሲገባ ቀና ብሎ አየውና "ምነው ጋሼ፣ ቁልፍ ጠፋ?" አለው።

"የለም፣ ቁልፉ አለ።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ቆምክ?"

"ቀስ እያልኩ ነው" አለ ጋሽ ቀስታ። ጎረቤቱ ትከሻውን ነቅንቆ ገባ። እሱ ግንባሩን ከበሩ አስደገፈ። እንደ ዘይት የሚፈሰው ጸሎት አልመጣለትም። የመጣለት "ጌታ ሆይ፣ አፌን ያዝልኝ" የሚል ብቻ ነው። ይህን ብሎ ከፈተ።

ልጅቷ ሶፋው ላይ ቆማለች፤ የእሱን አሮጌ ካፖርት ለብሳ እጅጌው እስከ ጉልበቷ ተንጠልጥሏል፣ የማንበቢያ መነጽሩ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነው። አማቱ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለዋል። ሚስቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን በጠረጴዛ ልብስ ጫፍ ትጠርጋለች። እሱን ሲያዩ ሦስቱም ባሉበት ደረቁ። ሚስቱ ብድግ ብላ ፀጉሯን አስተካከለች። አማቱ እጃቸውን ወደ ሬዲዮው ሰደው አጠፉት። ልጅቷ ግን እሱን አላየችም፤ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፣ ቃሉን ባላከበረ ሰው እንደምታኮርፍ ሁሉ። ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ሲል ጫማ አደናቀፈው። "ይሄ ጫማ—" አለና አፉን ገጠመ። ቤቱ እንደገና ዝንብ የሚሰማበት ቤት ሆነ፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ጸጥታ ሰማው፣ ፈራውም።

"ቀጥዪ እስቲ" አለ በመጨረሻ። ድምፁ ሻካራ ነበር። "ቀጥሎ ምን ይላል?"

አማቱ ዕድሜያቸውን ተማምነው፣ "ቀጥሎማ 'ቦርሳው ኮሪደር ላይ ምን ይሠራል' ነው የሚለው" አሉ።

ጋሽ ቀስታ ጫማዎቹን አንስቶ ከግድግዳው ሥር አኖራቸው። ከዚያ ሶፋው ፊት ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ፤ አሁን ልጅቷ ከእሱ ትረዝማለች። "እንግዲያው አንቺ እኔን ከሆንሽ፣ እኔ ደግሞ አንቺን ልሁን" አለ። እጁን አጣመረ፣ ዓይኑን ጨፈነ። "አባዬ ደግሞ ዛሬም አምሽቶ ይግባ። እባክህ። አሜን።"

የሚስቱ እጅ ወደ አፏ ሄደ። ልጅቷ ከመነጽሩ በላይ አፈጠጠች። "እግዚአብሔር ነገረብኝ?" አለች።

"እሱ ሰው ላይ አይናገርም። የነገረብሽ ግድግዳው ነው።" ዓይኑን ገለጠ። "አሁን አባትየው አንቺ ነሽ። ልጅሽ እንዲህ ብላ ስትጸልይ ሰምተሻል። ምን ትያታለሽ?"

ልጅቷ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አደረገችና አሰበች። ከምር አሰበች። ያን ጎርናናውን ድምፅ ልታወጣ ሞከረች፤ መሃል ላይ ተሰበረባትና በራሷ ድምፅ ጨረሰችው። "እሺ… ቶሎ እገባለሁ። ግን አልቆጣም። ጫማ ከረገጥኩ… ከረገጥኩ አነሳዋለሁ። ደግሞ ብርጭቆ ሳይደፋ 'ልትደፊው ነው' አልልሽም።"

ስንት ዓመት ሰው ሲያስታርቅ የኖረው ሰውዬ "ይቅር በዪኝ ልጄ" ብቻ አለ። ወደ ሚስቱ ዞረ፤ "አንቺም" አለ። እሷ ወደ መስኮቱ ፊቷን መለሰች፤ እንዲህ በአንዴ የሚሰጥ ነገር አልነበረም። አማቱ ከወንበራቸው ጣልቃ ገቡ።

"እኔንስ? ሬዲዮዬን ስንት ጊዜ ወሬው መሃል ላይ ዘጋኸው?"

"እርስዎንም እማማ።"

"ይቅር ይበልህ። በል አሁን አንተው ክፈተው።"

ሬዲዮው ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ጎረቤቶች ቢነገራቸውም አያምኑም። ልጅቷ ካፖርቱን ሳታወልቅ ጀርባው ላይ ወጥታ ሳሎኑን እንደ መኪና ነዳችው፤ ጆሮውን ማርሽ፣ አፍንጫውን ጥሩምባ አደረገችው፤ ጠረጴዛው ጥግ ሲደርሱ አማቱ "ቀስታ! ቀስታ!" እያሉ ከወንበራቸው ትራፊክ ሆኑ። በመጨረሻ በሩ ተንኳኳ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ነበር። "ጋሼ፣ የእናንተ ቤት እኮ ከሕንፃው ሁሉ ጸጥተኛው ነበር! ምን ገባባችሁ?" አለ። ጋሽ ቀስታ ፀጉሩ ቆሞ፣ ሸሚዙ ተጎትቶ፣ "ይቅርታ ወንድሜ፤ ትንሽ እንቀንሳለን" አለው፤ ለቤቱ 'ዝም በሉ' ሲል የኖረው ቃል በእሱ ላይ ሲመለስ ደስ ማለቱ ገረመው። ራት ሲቀርብ ሁሉም ጸሎት እንዲመራ ጠበቁ። ቆመ። የለመደው ረጅሙ ጸሎት የት እንደገባ እንጃ። እነዚህን ሦስት ፊቶች አየና "አመሰግንሃለሁ" አለ። ሌላ የሚለምነው አጣ።

"አለቀ?" አለች ልጅቷ።

"አለቀ።"

"ተመስገን" አሉ አማቱ ማንኪያቸውን እያነሱ፣ "ዛሬ ሾርባ ሳይቀዘቅዝ ልንበላ ነው።"

ከራት በኋላ እንደ ወትሮው ጋዜጣ ይዞ አልተቀመጠም። ሚስቱ ሳህን ስታጥብ አጠገቧ ሄዶ ጨርቅ አነሳና የታጠበውን መቀበል ጀመረ። የማድ ቤቱ ስፋት ለሁለት ሰው ትከሻ አይበቃም፤ ለረጅም ጊዜ ከሳህንና ከውሃ ድምፅ በቀር የተነጋገሩት የለም። ያም ሆኖ ዝምታው የጠዋቱ ዓይነት አልነበረም፤ ሁለት የደከሙ ሰዎች አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ሲያርፉ ያለው ዓይነት ነበር። በደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ላላ ብሏል። ስሙን ሊያወጣለት አልፈለገም፤ ስም ሲወጣለት እንዳይደነግጥና እንዳይበር ፈራ።

"ነገ ትቆጣለህ" አለች ሳትዞር።

"እቆጣ ይሆናል።"

"እና?"

"ስቆጣ ሳቁብኝ። በሩን ሳትዘጉ። ፊት ለፊት።"

"ጮክ ብለን ነው የምንስቀው።"

"ጮክ በሉ።"

ትልቁን ሳህን ስታቀብለው ነው የሆነው። አረፋው ከእጇ አንሸራተተው፣ እሱም አልደረሰበትም፤ ሳህኑ ወለሉ ላይ ወድቆ እንክትክት አለ። ያ በቤቱ የቀረ አንድ ትልቅ ሳህን ነበር። በሳሎኑ በኩል ሬዲዮው በድንገት ዝቅ አለ። አያትና የልጅ ልጅ ትንፋሻቸውን ውጠው እንደሚጠብቁ ግድግዳው ነገረው። ጋሽ ቀስታ ፊቱ ቀላ፣ ቅንድቡ ተሰበሰበ፣ አፉ ተከፈተ። ሚስቱ ዓይን ዓይኑን እያየችው ነው። ከንፈሯን ነክሳ ይዛዋለች፣ ጉንጯ ግን እንደ ፊኛ ተነፍቷል፤ በተባባሉት መሠረት ሳቋን አስቀድማ አዘጋጅታለች። አየችው። አያት። አንዳች ነገር ከሆዱ ተነስቶ፣ የዛገ በር ሲከፈት እንደሚያሰማው ሲጢጥ እያለ፣ ወደ ላይ መጣና ፈንድቶ ወጣ። ሳህኑን ረስተው ሁለቱም መታጠቢያውን ተደግፈው ተጣጠፉ።

"እማዬ!" አለች ልጅቷ ከሳሎን። "አባዬ ተቆጣ?"

"አልተቆጣም!"

"ታዲያ ይሄ ድምፅ የምንድነው?"

ሚስቱ እንባዋን በክንዷ ጠረገች፣ ትንፋሽዋን ለመሰብሰብ ሞከረች፣ አልቻለችም፤ እንደምንም ብላ ነው የመለሰችላት።

"አባትሽ ሲስቅ ነው።"